የሰፈር መቀመጫና አረንጓዴ ግድግዳ በድሬዳዋ፦ በውሃ ጀምሩ፣ በተክል ጨርሱ

ድሬ ውስጥ ብዙ የሞተ አረንጓዴ ግድግዳ፣ ማለትም ተክል በፕላስቲክ ዕቃ የተሰቀለበት ግድግዳ፣ አይቻለሁ። ሀይላንዶቹ በሽቦ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። አፈሩ ድንጋይ ሆኗል። ተክሉ ሲነኩት ይፈረፈራል። አጠገቡ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ማንም ደፍሮ የማይቀመጥበት የብረት አግዳሚ አለ። ከነዚህ አንዱን ከሰፈር ልጆች ጋር የሰራሁት ራሴ ነኝ። ሚያዝያ ላይ ሰቀልን፣ ግንቦት ሳያልቅ ነቀልን።

ገና ሀይላንድ ስንቆርጥ አንዲት ጎረቤታችን ብቅ አሉና «ልጆቼ፣ ውሃውን ማን ነው የሚያጠጣው?» ብለው ጠየቁን። «ሁላችንም ነን እናቴ» አልናቸው። ሳቁና ገቡ። ምን እንዳሳቃቸው የገባን በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ ውሃና ሰው፣ ቀጥሎ ቦታና ጥላ፣ ከዚያ መቀመጫ፣ ከዚያ ብረት። ተክል መጨረሻ ነው።

ልኩ

እዚህ የምሰጣችሁ ልክ 4 ሜትር ርዝመትና 1.80 ሜትር ከፍታ ላለው ግድግዳ ነው። ተክሉ የሚተከልባቸው 50 ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች ይይዛል። መቀመጫው ባለ 2.40 ሜትር አግዳሚ ሲሆን አራት ሰው ሳይጋፋ ያስቀምጣል። ሁለት አግዳሚ ከፈለጋችሁ የመቀመጫውን ብቻ እጥፍ አድርጉ። ግድግዳውን ግን በመጀመሪያው ዓመት አታስረዝሙት። 50 ጀሪካን ማጠጣት በወረቀት ላይ ቀላል ነው፣ በግንቦት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጊዜው

የአፈር ብስባሹን ሰኔ ላይ ጀምሩ። ግንባታውን መስከረም ላይ ስሩ። ተክሉን ጥቅምት ላይ ትከሉ። እንዲህ ከሆነ ሥሩ ቀዝቀዝ ባሉት ወራት ይይዝና ግንቦትና ሰኔ ሲመጡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ሚያዝያ ላይ የሚተክል ሰው እኛን ነው የሚደግመው።

## ደረጃ 1፦ ውሃውንና ተረኛውን ወስኑ

1. ሰባት ቤት ፈልጉ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ቀን ስጡ። ስሙን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ጻፉ፤ «ሰኞ የእነ እገሌ ቤት» ተብሎ በቀለም ግድግዳው ላይ ይጻፍ። ወረቀት ይጠፋል።
2. የቦታው ባለቤት ማን እንደሆነ አጣሩ። የጋራ ጊቢ ከሆነ የሁሉንም ተከራይና ባለቤት ፈቃድ ያዙ። መንገድ ዳር ወይም ክፍት ቦታ ከሆነ ቀበሌ ሄዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል «ችግር የለውም» ተብሎ የተጀመረ ስራ በአካፋ ሲፈርስ አይቻለሁ።
3. በቀን የሚያስፈልገውን ውሃ አስሉ። ለአንድ ጀሪካን ከግማሽ እስከ 0.7 ሊትር ያዙ። ለ50ው ከ25 እስከ 35 ሊትር ይመጣል፤ ማለትም በበጋ ቀን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን።
4. ውሃው በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ባለ 200 ሊትር በርሜል ክዳን ያለው ግዙ። አምስት ቀን ያቆያችኋል። በርሜሉ መሬት ላይ ይቀመጥ። ከፍ አድርጋችሁ ብረት ላይ አትስቀሉት። ሞልቶ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ከስሩ ደግሞ ልጆች ይጫወታሉ።

ስለ ጠብታ መስኖ። ብዙ ሰው በዩቲዩብ ያየውን የጠብታ ቱቦ ገዝቶ ይመጣል። ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና ውስጡን እዩ። ያ ነጭ ድንጋይ የድሬ ውሃ ነው። ከከርሰ ምድር ስለሚወጣ ካልሲየሙ ብዙ ነው፤ የጠብታውን ቀዳዳም በጥቂት ወራት ይደፍነዋል። የመጀመሪያውን ዓመት በጆግ አጠጡ። አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቱቦ የግድ ካላችሁ ተራ የፕላስቲክ ቱቦ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ራሳችሁ ብሱ። ሲደፈን በመርፌ ትከፍቱታላችሁ። የባሰበትን ጫፍ አቼቶ ውስጥ ማሳደር ነጩን ያሟሟዋል።

ማስጠንቀቂያ፣ ትንኝ። ይሄን ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት። ድሬ በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ቤት አካባቢ በተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ነው። በሙቀት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ስለዚህ፦

- በርሜሉ ሁልጊዜ ይከደን። ክዳኑ ከላላ አጎበር ጨርቅ በላዩ እሰሩበት።
- በየሳምንቱ አራግፉና የውስጥ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ። እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ውሃውን መድፋት ብቻውን አያስወግደውም።
- ከጀሪካን በታች ሳህን አታስቀምጡ። አንድም ቦታ።

## ደረጃ 2፦ ቦታውን በጠመኔ ምረጡ

ቦታ በዓይን አይመረጥም። አንድ ቀን ሙሉ ስጡት። ጠመኔ ያዙና በ3 ሰዓት፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት የጥላውን ጫፍ መሬቱ ላይ አስምሩ። ሰው የሚቀመጠው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፤ አግዳሚው በ9 እና በ11 ሰዓት መስመሮች ውስጥ ጥላ ላይ መውደቅ አለበት።

ለግድግዳው ደግሞ እንዲህ አስቡ፦

- ወደ ምስራቅ የሚያይ፦ ምርጡ ነው። የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ከሰዓት ያርፋል።
- ወደ ምዕራብ የሚያይ፦ ተውት። የእኛ የሞተው እዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ራሱ ምጣድ ይሆናል፣ ማታም ሙቀቱ ቶሎ አይለቀውም።
- ወደ ሰሜን የሚያይ፦ ሰው «ሰሜን ጥላ ነው» ይላል። ድሬ ላይ ግማሽ እውነት ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ማለትም በሞቃቶቹ ወራት ይህ ግድግዳ ፀሐይ ይመታዋል። ጥላ መረብ ካዘጋጃችሁ ይሆናል።
- ወደ ደቡብ የሚያይ፦ የተገላቢጦሹ ነው። ፀሐዩን የሚያገኘው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው። ከምስራቅ ቀጥሎ እሱን ምረጡ።

ከዚያ ሦስት ነገር አጣሩ።

ጎርፍ። የደቻቱ ወንዝ ዳርና ወደሱ የሚወርዱ ደረቅ የውሃ መውረጃዎች ላይ ምንም አትስሩ። አሸዋው ለወራት ደርቆ ሲታይ ሜዳ ይመስላል። የ1998 ዓ.ም.ን የሐምሌ ጎርፍ ሌሊት የምናስታውስ ይህንን ሁለቴ ማንበብ አያስፈልገንም።

ሥር። ቀይ አበባ ያለው የድሬዳዋ ዛፍ ጥላው ግሩም ነው፣ ሥሩ ግን ወደ ጥልቁ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ከላይ ከላይ ይሄዳል፤ ንጣፍም ያነሳል። የአግዳሚውን መሠረት ከግንዱ ቢያንስ 3 ሜትር አርቁት። ጥላው ይደርስላችኋል።

መስመር። ከመቆፈራችሁ በፊት የውሃ ቧንቧና የመብራት ገመድ በየት እንደሚያልፍ ጠይቁ። በአናት የሚያልፍ ሽቦ ካለ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ረጅም ብረት) አቁማችሁ እንዳትራመዱ።

ዛፍ ከሌለ ሸራ ከመወጠር የጥላ መረብ ይሻላል። ነፋስ በመረቡ ያልፋል፣ ሸራውን ግን ይዞት ይሄዳል፣ አንዳንዴ ከነምሰሶው።

## ደረጃ 3፦ ብስባሹን ጀምሩ

ይህን ሰኔ ላይ ካልጀመራችሁ ጥቅምት ላይ አፈር የላችሁም።

ድሬ ላይ ለብስባሽ የሚሆን ነገር አይጠፋም፤ ገራባ አለ። ከየቤቱ በየማታው የሚወጣው የጫት ቅጠልና እንጨት ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከሚገባ እናንተ ውሰዱት። እንዲህ አድርጉ፦

1. ወፍራሙን እንጨት ለዩና ጣሉ። ቅጠሉንና ቀጭኑን ቅርንጫፍ በገጀራ ጣት በሚያህል ልክ ቁረጡ።
2. ሁለት እጅ ገራባ፣ አንድ እጅ የፍየል ፋንድያ፣ በየመሀሉ ስስ አፈር እያደረጋችሁ ደርድሩ። ክምሩ እስከ ወገብ ይድረስ። ካነሰ አይግልም፣ ካልጋለም አይበሰብስም።
3. አርጥቡት። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ጠብ ጠብ ካለ ይበቃዋል፤ ከፈሰሰ በዝቷል።
4. በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኑ። በየሁለት ሳምንቱ ገልብጡ።
5. ከሦስት ወር በኋላ ጥቁር ሆኖ የዝናብ አፈር የሚሸት ከሆነ ደርሷል። ፋንድያ ወይም አሞኒያ ከሸተተ አልደረሰም። ያልደረሰውን ብትጠቀሙ ሥር ያቃጥላል።

አጥንትና የተረፈ ምግብ አታስገቡ። አይጥ ይጠራል፤ ሐረር ከሆናችሁ ደግሞ ጅብ።

## ደረጃ 4፦ አግዳሚውን በአርማታ ስሩ

ብረት አግዳሚ በያጅ በግማሽ ቀን ይሰራላችኋል፣ ለዚህም ነው ሁሉም የሚያሰራው። ፀሐይ ያየ ላሜራ ላይ በቀጭን ሽርጥ ተቀምጣችሁ ሞክሩትና ንገሩኝ። አርማታ ይድከማችሁ።

ዕቃ፦ 1 ከረጢት ሲሚንቶ ለሁለቱ ጠፍጣፋ፣ ለመሠረትና ለግንቡ ሌላ 1። ንጹህ አሸዋ፣ ጠጠር። ባለ 20 ሳንቲ ብሎኬት። ባለ 8 ሚሊ ፌሮ (አርማታ ውስጥ የሚገባ ብረት)። ጣውላ ለፎርማ (አርማታው የሚፈስበት ሳጥን)። ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ማንካ፣ ባልዲ፣ ጆንያ።

አሸዋውን ፈትኑ። ሀይላንድ ውስጥ ሲሶውን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሞልታችሁ በደንብ ነቅንቁና ለሦስት ሰዓት ተዉት። ከአሸዋው በላይ የረጋው ደቃቅ ጭቃ ስስ መስመር ብቻ መሆን አለበት። ጣት ያህል ከሆነ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይቀየር።

እግሮቹ

1. ሦስት ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ጥልቀታቸው 30 ሳንቲ። ዳርና ዳሩ አንድ አንድ፣ መሀል አንድ። ከዳር እስከ ዳር ውጪ ለውጪ 2.40 ሜትር ይሁን።
2. ታቹን በድንጋይ ጠቅጥቁ፣ በላዩ 10 ሳንቲ አርማታ አፍስሱ።
3. በማግስቱ ሁለት ረድፍ ብሎኬት ገንቡ፤ ቀዳዳውን በአርማታ ሙሉት። የግንቡ ጫፍ ከመሬት 38 ሳንቲ ይሁን። በላዩ 7 ሳንቲ ጠፍጣፋ ሲመጣ መቀመጫው 45 ሳንቲ ይሆናል። ለአዋቂ ጉልበት ልኩ ይህ ነው። ከዚህ ከወረደ ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠው መነሳት ይቸግራቸዋል።
4. ሦስቱንም ጫፎች በአንድ ረጅም ጣውላና በውሃ ልክ አስተካክሉ። ወደ ፊት 1 ሳንቲ ዘንበል ይበል፤ የዝናብ ውሃ እንዳይቆም።

ጠፍጣፋው

አንድ ረጅም ጠፍጣፋ አታፍስሱ። ሁለት አድርጉት፣ እያንዳንዱ 1.20 በ45 ሳንቲ በ7 ሳንቲ። አንዱ ወደ 90 ኪሎ ይመዝናል፣ አራት ሰው ያነሳዋል።

1. ፎርማውን ጠፍጣፋ መሬት ላይ አድርጉ። ታቹን ፕላስቲክ አንጥፉ።
2. ፌሮ በርዝመቱ አራት፣ በስፋቱ በየ20 ሳንቲው እሰሩ። ከታች 2 ሳንቲ ከፍ እንዲል ትንንሽ ጠጠር አስደግፉት።
3. 1 ባልዲ ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር በደረቁ አዋህዱ። ለባለ 10 ሊትር ባልዲ ሲሚንቶ 7 ሊትር ገደማ ውሃ በቂ ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ቀንሱ። ልጆቹ «ይቅጠን፣ ይቅለለን» ይላሉ። እንቢ በሉ። የቀጠነ አርማታ ሲደርቅ ይፈረፈራል።
4. በጠዋት አፍስሱ፣ እስከ 3 ሰዓት ጨርሱ። በዱላ ውጉት፣ ፎርማውን በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ አየሩ ይውጣ።
5. ላዩን በማንካ አለስልሱ። «ላይ» ብላችሁ በሚስማር ጥግ ላይ ጻፉ።

ይህቺን አምስተኛዋን አትዝለሏት። እኛ ዘለልናት። ስንፈታው የታችኛው ፊት፣ ፕላስቲክ ላይ ያረፈው፣ እንደ መስታወት ለስልሶ አገኘነው። «አቦ፣ ይሄኛው ነው ወደ ላይ መሆን ያለበት!» ተባለ። ገለበጥነው። ፌሮው አብሮ ተገለበጠ። አርማታ ሰው ሲቀመጥበት የሚለጠጠው በታች በኩል ነው፣ ፌሮውም መኖር ያለበት እዚያ ነው። ሦስት ጎረምሶች በተቀመጡበት ምሽት መሀሉ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ታየ። በሳምንቱ ጣት ያስገባ ነበር። ለስላሳውን ፊት ከላይ የምትፈልጉ ከሆነ ከመጀመሪያው አስቡበት፤ ስታፈሱ ፌሮውን ወደ ላይኛው ፊት አስጠጉት፣ ከዚያ ገልብጡት።

6. በረጠበ ጆንያ ሸፍኑት፣ 7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። በድሬ ሙቀት አርማታ ሳይጠነክር ይደርቃል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጆንያው እኩለ ቀን ላይ ደርቆ ካገኛችሁት ሦስተኛ አጠጡ።
7. በ10ኛው ቀን አንሱና በስስ ሲሚንቶ ልስን ላይ አስቀምጡት። ሁለቱ ጠፍጣፋዎች መሀለኛው እግር ላይ እኩል ይረፉ።
8. እስከ 14ኛው ቀን ማንም አይቀመጥ። እሾህ ቢጤ አኑሩበት፣ ሌላ መፍትሄ አላገኘሁም።

መደገፊያ ወይም የጣውላ ምንጣፍ ብትጨምሩ እንጨቱ አፈር እንዳይነካ። ምስጡ በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል።

አቀማመጥ። በአግዳሚውና በአረንጓዴው ግድግዳ መሀል 90 ሳንቲ መተላለፊያ ይቅር። አጠጪው ያልፋል፣ ውሃውም ሰው አንገት ላይ አይንጠባጠብም። ሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ካደረጋችሁ ርቀቱ 2 ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ ወሬው ጩኸት ይሆናል። በአንድ ጎን አንድ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ለተሽከርካሪ ወንበር ወይም ለሕፃን ጋሪ ተዉ። ለቡና የሚሆን ደልዳላ ቦታም አትርሱ፤ የከሰሉ ምድጃ ከጀሪካኖቹ ቢያንስ 1.5 ሜትር ይራቅ። ጀሪካን ፕላስቲክ ነው፣ እሳትና ፕላስቲክ ደግሞ አይጎራበቱም።

## ደረጃ 5፦ ብረቱን ከግድግዳው ነጥላችሁ አቁሙ

ውሃ የጠጣ አንድ ጀሪካን 5 ኪሎ ይሆናል። 50ው 250 ኪሎ ናቸው። ይህን ባዶ ብሎኬት ላይ በፊሸር (ብሎን በሚይዝ የፕላስቲክ ውታፍ) መስቀል ችግር መለመን ነው፤ ፊሸሩ አንድ ቀን ከነብሎኬቱ ይወጣል። ራሱን ችሎ የሚቆም ብረት አስበይዱ።

1. ባለ 40 በ40 ቱቦላሬ፣ 6 ሜትሩን 2 ግዙ። አራት ቋሚ ይወጣል፣ እያንዳንዱ 2.30 ሜትር።
2. ለአግድሙ ባለ 30 አንጎላሬ (የL ቅርጽ ያለው ብረት)፣ 6 ሜትሩን 4 ግዙ። ከየአንዳንዱ አንድ ባለ 4 ሜትር ይወጣል። አምስተኛው አግድም ከቁርጥራጮቹ ይቀጠላል፤ መጋጠሚያው ሁልጊዜ ቋሚ ላይ ይረፍ እንጂ አየር ላይ አይሁን።
3. ቋሚዎቹን በየ1.33 ሜትሩ 50 ሳንቲ ቅበሩና አርማታ አፍስሱባቸው። ቱንቢ ወይም ውሃ ልክ ሳትይዙ «ቀጥ ብሏል» አትበሉ።
4. ከግድግዳው 10 ሳንቲ አርቁ። አየር ይዘዋወራል፣ የሰው ግድግዳም አይረጥብም። የጎረቤት ጠብ ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጣው።
5. አግድሞቹ ከመሬት 40፣ 75፣ 110፣ 145 እና 180 ሳንቲ ላይ ይሁኑ። ከዚህ በላይ አትሂዱ። መሰላል የሚያስፈልገው ተክል ውሃ አያገኝም።
6. የብየዳውን ጠባሳ በብሩሽ ጥረጉ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት እጅ ቀቡ፣ ከዚያ ነጭ ቀለም። ጥቁር ቀለም ያምራል፣ ግን ሙቀት ይጠጣል።

## ደረጃ 6፦ ጀሪካኖቹን አዘጋጁ

ሀይላንድ ተዉት። ግልጽ ስለሆነ ሥሩ ይበስላል፣ አልጌ ያበቅላል፣ ፀሐዩም ሰነጣጥቆት በእጃችሁ ይሰበራል። የምግብ ዘይት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይሻላል። የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል ጀሪካን በፍጹም እንዳትጠቀሙ፤ ታጥቦም አይሆንም።

1. ዘይቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ዘይት የቀረበት ጀሪካን ጉንዳን ይጠራል።
2. በጎኑ አስተኙትና የላይኛውን ፊት ቁረጡ፤ ዳር ዳሩን ሁለት ሁለት ሳንቲ አስቀሩ፣ ቅርጹን የሚይዘው እሱ ነው። ክዳኑ ጠብቆ ይዘጋ።
3. ታቹን በጋለ ሚስማር አራት ቦታ ብሱ፣ ጣት የማያስገባ እርሳስ የሚያስገባ።
4. ውጪውን ነጭ ቀቡ።
5. በወፍራም ሽቦ ሁለት ቦታ እሰሩና አንጎላሬው ላይ አንጠልጥሉ፣ በረድፍ 10፣ በየ40 ሳንቲው። የላይኛው ቀዳዳ በታችኛው ጀሪካን አፍ ላይ ይንጠብ። አንድ ጆግ ውሃ ሁለቴ ይሰራላችኋል።
6. የሽቦውን ጫፍ ወደ ውስጥ ቆልምሙ። የልጅ ዓይን ከፍታ ላይ ነው ያለው።

አፈሩ፦ ሁለት እጅ ለም አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ከአፉ 3 ሳንቲ አጉድላችሁ ሙሉ፤ አለበለዚያ የምታጠጡት ውሃ ተንሸራቶ ይወርዳል።

## ደረጃ 7፦ ትከሉ

ላይ ያለው ረድፍ ቶሎ ይደርቃል፣ ታች ያለው ውሃ ይጠግባል። ተክሉን በዚህ ደርድሩ።

ላይኛው ረድፍ፦ እሬት፣ ፖርቱላካ። ተረኛ አንድ ቀን ቢረሳም አይሞቱም።

መሀሉ፦ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ጠጅ ሳር። ጤና አዳም ከምታስቡት ሁለት እጥፍ ትከሉ፤ ቡና በተፈላ ቁጥር አንድ እጅ ብቅ ይላል። ልጆች ቅጠሉን ጨምቀው ቆዳቸው ላይ ቀብተው ፀሐይ እንዳይወጡ፤ ቆዳ ያቆስላል።

ታች፦ ናና እና የስኳር ድንች። የስኳር ድንች የኔ ምርጫ ነው። 30 ሳንቲ ሐረግ ቆርጣችሁ ሁለት አንጓ ቅበሩ፤ ውሃ ካገኘ ቶሎ ይዘረጋል። ለዘር የሚሆን ሐረግ የስኳር ድንች ከሚያበቅል ገበሬ ታገኛላችሁ።

ዳርና ዳሩ መሬት ላይ ቡገንቪሊያ መትከል ይቻላል። እሾህ ስላለው ከአግዳሚው ከአንድ ሜትር በላይ ይራቅ።

የማይተከሉ፦ ኦሊያንደር የሚባለው አበባማ ቁጥቋጦ፣ መርዝ ነው፣ ለልጅም ለፍየልም። የወፍ ቆሎ፣ ከብት ይመርዛል፣ አንዴ ከገባም አይወጣም። ቁልቋል፣ ነጭ ወተቱ ዓይን ያጠፋል።

በምሽት ትከሉ። ወዲያው አጠጡ። የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት ጆንያ ወይም የጥላ መረብ ከፊት ለፊት አንጠልጥሉ። ሦስት ሳምንት ጠዋትና ማታ አጠጡ፣ ከዚያ በቀን አንዴ፣ በማለዳ። ውሃው አፈሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይሁን፤ ነጩ ቅሪት ቅጠሉን ያቆሽሸዋል። በረኪና የገባበት የልብስ እጣቢ አይሆንም። አትክልት ያጠባችሁበት ውሃ ይሆናል።

## ሲበላሽ

ቅጠሉ እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ይነሳል። ምንም አትንኩት። ሙቀት ነው። በማለዳም ጠውልጎ ካገኛችሁት ነው ውሃ የጠማው።

ውሃው አፈሩ ላይ ሳይገባ በዳር ይወርዳል። አፈሩ ከልክ በላይ ደርቆ ተኮማትሯል። ጀሪካኑን አውርዱና ባልዲ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከሩት። ላዩን በደረቀ ገራባ ቅጠል ሸፍኑ፤ አይደገምም።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ታቹ ይሸታል። ቀዳዳው ተደፍኗል። በጋለ ሚስማር እንደገና ክፈቱ፣ ሁለት ቀን አታጠጡ።

አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት። የውሃው ጨውና ካልሲየም ነው። የላይኛውን ሁለት ሳንቲ አንሱና በብስባሽ ተኩ። ክረምት ላይ የጣራ ዝናብ ውሃ አጠራቅማችሁ ብታጠጡበት ያጥበዋል።

ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ። ሳሙና በውሃ በጣም አቅጥናችሁ ማታ ማታ በጨርቅ ጥረጉት። በሦስት ቀን ድገሙ። የሚበላ ቅጠል ያለበት ግድግዳ ላይ መርዝ አትርጩ።

ፍየል። በኋላ እግሩ ቆሞ ሦስተኛው ረድፍ ይደርሳል። ጊቢው በር ካለው በሩ ይዘጋ፤ ከሌለው እስከ 1.50 ሜትር የሽቦ መረብ ፊት ለፊቱ ወጥሩ፣ ቢያንስ እስከ ሁለተኛው ዓመት።

ተረኛው ጠፋ። የሚሞተው ግድግዳ ሁሉ በዚህ ነው የሚሞተው። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ የሚሄድ ሰው ተራውን ለማግስቱ ተረኛ ሰጥቶ ይሂድ። አንድ ቤት ሦስት ጊዜ ከዘለለ አትጣሉ፣ ቀኑን ለሌላ ስጡ። እኛ ጋ ሁለተኛውን ግድግዳ ያቆየችው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፣ የሁለት ቤት ቀን ወስዳ።

## ሐረር ላላችሁ

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ነው፣ ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ውሃውን ሲሶ ያህል ቀንሱ። ፖርቱላካ በቀዝቃዛው ወር ይተኛል፣ ናናና ቆስጣ ግን ከኛ ይልቅ ለእናንተ ያምራሉ።

ጀጎል ውስጥ ከሆናችሁ ቅርስ ነውና ግንቡ ላይ አንድም ሚስማር አትምቱ፣ ብረትም አታስደግፉበት። የቆየ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤት አጠገብም ያው ነው፤ ብረቱን 10 ሳንቲ ሳይሆን 40 ሳንቲ አርቁ፣ የሚንጠባጠበውንም በታች በቦይ ሰብስባችሁ አውጡ። እርጥበት እንዲህ ዓይነቱን ግድግዳ ከስሩ ይበላዋል። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ሁለቱን የታች ረድፎች ተዉና በሦስቱ ጀምሩ፤ አህያ በጭነቷ ስታልፍ ጀሪካኑን ይዛው ትሄዳለች።